ፈረንሳይኛ የሚናገረው በቀቀን እና የልደታ አረንጓዴ ወፎች

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ ወዳጅ አለን። ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ይሠራል፤ ማታ ማታ ደግሞ አምስት ሳንቲም ሳይከፈለው ለአማርኛው ውክፔዲያ ከእንግሊዝኛ መጣጥፍ ይተረጉማል። ‹‹ምን ይጠቅምሃል?›› ስንለው ‹‹ልጄ ነገ የቤት ሥራ ሲሰጠው በአማርኛ የሚያነበው ይኑረው ብዬ ነው›› ይላል። ልጅ ግን ገና የለውም።

አንድ ቅዳሜ ከልደታ ማርያም አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ አራት ገጽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ‹‹እናንተ ጋዜጠኝነት የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ቋንቋውን ብቻ አስተካክሉልኝ›› አለን። ርእሱን አየነው። ‹‹የኒውተን በቀቀን›› ይላል። ሮድሪጌስ በምትባል የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ላይ ብቻ ይኖር ስለነበረ፣ ዛሬ ግን በዓለም ላይ አንድም ስላልቀረ ወፍ የተጻፈ ነው።

እውነቱን እንናገርና መጀመሪያ ሣቅንበት። ‹‹ኧረ በናትህ! እዚህ አገር ስንት ያልተጻፈ ነገር እያለ የሰው አገር ሙት ወፍ ምን ያደርግልናል?›› አልነው። እሱ ሻዩን ፉት እያለ ‹‹አንብቡት›› ብቻ አለ። አነበብነው። ያች ‹‹ቋንቋውን ብቻ›› የተባለች ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀችብን። ዛሬ ልናጫውታችሁ የፈለግነው በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ያገኘነውን ነው።

* * *

የመጀመሪያው ስሕተት ሁለተኛው መስመር ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። ‹‹ወፉ ስሙን ያገኘው ከታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ከአይዛክ ኒውተን ነው›› ይላል። ወዳጃችን ኒውተን ሲባል ከፖም ዛፍ ሥር ከተቀመጠው ሰውዬ ሌላ አያውቅም። አማርኛው ምንም አልጎደለውም፤ እንዲያውም ያማረ ነው። ግን እውነት አይደለም። ስሙ የመጣው አይዛክ ኒውተን ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ከኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ነው። ታናሽየው ኤድዋርድ ኒውተን በሞሪሸስ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሹም ነበር። ታላቅየው አልፍሬድ ኒውተን ደግሞ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ሊቅ። እ.ኤ.አ. በ1871 የሮድሪጌስ ዳኛ የነበረ ጄነር የሚባል ሰው አንዲት ሴት ወፍ ለኤድዋርድ ላከለት። ወፏ ካምብሪጅ ደረሰችና በ1872 አልፍሬድ ሳይንሳዊ ስም አወጣላት።

ሁለተኛው ስሕተት የኛው የኢትዮጵያውያን ነው፤ ማንም ፈረንጅ ሊሠራው አይችልም። ‹‹የመጨረሻው ወፍ በ1875 ዓ.ም. ተያዘ›› ይላል። እ.ኤ.አ. የምትለዋ ነገር ጠፍታለች! እንዲህ በሦስት ፊደል ጉድለት ወፉ ሳያስበው ሰባት ስምንት ዓመት ዕድሜ ተጨመረለት። ትክክለኛው ቀን እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 1875 ነው። ቁጭ ብለን ወደኛ አቆጣጠር ስንመልሰው ነሐሴ 9 ቀን 1867 ዓ.ም. ሆነ። ፍልሰታ ነው። አያት ቅድመ አያቶቻችን የእመቤታችንን ጾም ይዘው፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ጉንደት ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ሊገጥሙ ሦስት ወር ሲቀራቸው፣ በዚያች ደሴት ላይ አንድ ወንድ በቀቀን ተያዘ። ከዚያ በኋላ ማንም ያንን ወፍ ይዞ አላሳየም።

ሦስተኛውን ስሕተት የሠራነው እኛ ነን። ‹‹የመጨረሻው ወፍ ተያዘ›› የሚለውን ሰርዘን፣ ለጆሮ ይጥማል ብለን ‹‹በ1875 ከምድረ ገጽ ጠፋ›› አልን። ወዳጃችን ወረቀቱን አየና ‹‹ሲጠፋ ማን አየው?›› ብሎ ጠየቀን። ዝም አልን። እውነት ነው፤ የታየው ሲያዝ ነው፤ ሲጠፋ ግን ያየው የለም። ምናልባት ጥቂቶች ለአንድ ዓመት ተርፈው በማግሥቱ ዓመት ደሴቲቱን የመታው አውሎ ነፋስ ጨርሷቸው ይሆናል። አራት ዓመት ‹‹ምንጭህ ማነው? ማን አየ? መቼ?›› ስንባል ኖረን በሒሳብ ሠራተኛ ታረምን።

* * *

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ። ሮድሪጌስ ከሞሪሸስ በስተምሥራቅ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ውቅያኖሱ መካከል የተቀመጠች፣ ስፋቷ አንድ መቶ ስምንት ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ትንሽ ደሴት ናት። ከእሳተ ገሞራ የተወለደች ስለሆነች ከየትኛውም አህጉር ጋር ተያይዛ አታውቅም። በክንፉ በርሮ የደረሰ፣ በማዕበል ተገፍቶ የደረሰ ፍጥረት እዚያው ተዋልዶ የራሱን ዘር ሠራ። መብረር የማይችል፣ ከዶዶ ጋር የሚዛመድ ትልቅ ወፍ፣ ግዙፍ ኤሊዎች፣ በቀቀኖች… ሰው ግን አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1691 ስምንት ሰዎች እዚያ ወረዱ። መሪያቸው ፍራንሷ ለጓ ይባላል። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ፈረንሳዊ ፕሮቴስታንት ነው። ንጉሡ ሉዊ 14ኛ በ1685 የፕሮቴስታንቶችን የእምነት ነፃነት አዋጅ ሲሽር አገሩን ጥሎ ወደ ሆላንድ ተሰደደ። ከዚያም ‹‹በሕንድ ውቅያኖስ አዲስ አገር እናቀናለን›› ከሚሉ ጋር መርከብ ተሳፈረ። የመርከቡ አዛዥ ሌላ ቦታ ሊወስዳቸው ቢታሰብም ሮድሪጌስ ላይ ጥሏቸው ሄደ። በዚያ ዘመን እኛ ጋ ጎንደር ላይ የነገሡት አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሠሩት።

ለጓና ጓደኞቹ ሁለት ዓመት ተቀመጡ። ጎጆ ቀለሱ፣ ጓሮ አለሙ፣ ኤሊ በሉ፣ በቀቀንም በሉ። ለጓ ሥራ ሲፈታ ዙሪያውን ያይ ነበር፤ ያየውንም ይጽፋል። በቀቀኖቹ አረንጓዴና ሰማያዊ መሆናቸውን፣ የወይራ የሚመስል ዛፍ ፍሬ እንደሚበሉ፣ የጫጩቶቹ ሥጋ እንደ ርግብ እንደሚጣፍጥ መዘገበ። በ1693 በእጃቸው በሠሯት ጀልባ ወደ ሞሪሸስ ሲሻገሩም አንድ በቀቀን ይዘው ወጡ። ይህ ወፍ ፈረንሳይኛና ፍላማንኛ ይናገር ነበር!

እስቲ አስቡት… ከሁለት ዓመት በፊት ከሰው ጋር ኖሮ የማያውቅ ዘር፣ ከአገራቸው የተባረሩ ሰዎችን ናፍቆት በሁለት ቋንቋ ሲደግም። አልፍሬድ ኒውተን በ1872 ለወፉ ስም ሲያወጣ በላቲን ‹‹ኤክስሱል›› ያለው ይህን ሰው አስታውሶ ሳይሆን አይቀርም። ትርጉሙ ስደተኛ ማለት ነው። ወዳጃችን ይህን ቃል ዘሎት ነበር። እኛ መልሰን አስገባነው። በዘመድ ስደት ያልተነካ ቤት በማይገኝበት አገር ይህ ቃል ሳይተረጐም ሊቀር አይገባም።

ታዲያ ወፉ እንዴት ጠፋ? አንድ ቀን በአንድ ሰው እጅ አይደለም። በ18ኛው መቶ ዓመት መርከቦች እየመጡ ግዙፎቹን ኤሊዎች በአሥር ሺዎች ለምግብ ጫኑ። ጫካው ተመነጠረ፣ ተቃጠለ። ከመርከብ የወረደ አይጥና ድመት ገባ። የበቀቀን ዘር ጎጆውን የሚሠራው በዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው፤ ሽንቁር ያለው ደግሞ ያረጀ ዛፍ ነው። ያረጀው ዛፍ ሲቆረጥ ወፉ በጥይት ሳይመታም ቤት አልባ ይሆናል። ዛሬ የቀሩት በካምብሪጅ ሙዚየም ያሉ ሁለት ደረቅ ወፎች ናቸው። በ1871 የተላከችው ሴትና በ1875 የተያዘው ወንድ። ከእነሱ ሌላ አጥንትና ጽሑፍ አለ።

* * *

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የኛን ሙያ የሚነካው። ለጓ መጽሐፉን በ1707 መጨረሻ ለንደን ላይ አሳተመ። ሰው ሁሉ አነበበው፤ ሰው ሁሉ ግን አላመነውም። እ.ኤ.አ. በ1922 ጄፍሪ አትኪንሰን የተባለ የሥነ ጽሑፍ አጥኚ ‹‹ይህ ልብ ወለድ ነው›› ብሎ ጻፈ። ምክንያት አልነበረውም አንልም። መጽሐፉ ውስጥ ከሌሎች ተጓዦች የተወሰደ ነገር አለበት፤ ያም ዘመን የውሸት የጉዞ መጽሐፍ የበዛበት ነበር።

ነገር ግን አትኪንሰን መጽሐፍን ከመጽሐፍ አመሳከረ እንጂ አጥንቱን አላየም። በሮድሪጌስ ዋሻዎች ውስጥ የተገኘው አጥንት ያን ጊዜ በእጅ ነበር። ለጓ ‹‹ያ መብረር የማይችለው ወፍ በክንፉ ላይ ጥይት የሚያህል እብጠት አለው፤ በእሱ ይማታል›› ብሎ ነበር። አጥንቱ ሲወጣ እብጠቱ እንዳለ ተገኘ። በዚያ ላይ ታፎሬ የሚባል ሌላ ሰው በ1726 ደሴቲቱ ላይ ቀርቶ ስለነበር የራሱን ማስታወሻ ጽፏል። ያ ጽሑፍ ፓሪስ በሚገኝ መዝገብ ቤት ተኝቶ ቆይቶ በ1870ዎቹ ብቅ ሲል እሱም ስለ በቀቀኖቹ ይናገራል። በመጨረሻ አልፍሬድ ኖርዝኩምብስ የተባለ የሞሪሸስ ሰው በ1979 ለጓን ከውሸታምነት ነጻ የሚያወጣ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈለት። ሰውየው ከሞተ ሁለት መቶ አርባ ዓመት አልፎታል።

ይህን ስናነብ አንድ የምናውቀው ሰው ትዝ አለን። ጄምስ ብሩስ! እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገባ፤ የግዮንን ምንጭ አየ፤ አገሩ ተመልሶ ‹‹ሐበሾች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ›› ሲል ለንደን ሳቀችበት። ካላመኑት አንዱ ሳሙኤል ጆንሰን ነበር። ጆንሰን ማለት ኢትዮጵያን በዓይኑ ሳያይ ስለ ሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ የጻፈው ነው። ያላየው አመነ፤ ያየው ተጠረጠረ። ምስኪኑ ብሩስ አንዱን ተጠራጣሪ ልደታ አንዱ ሥጋ ቤት አምጥቶ ቢያስቀምጠው ኖሮ ክርክሩ በግማሽ ኪሎ ባለቀ ነበር። (ከቆመች ላም ቆረጡ ያለውን ግን እኛም አናውቅለትም።)

አንድ ምስክር ሲሆን ነገሩ እንዲህ ነው። አባ ጎርጎርዮስንም አስቡ። የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ስደተኛ ነበሩ። ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ አገኛቸው፤ በ1652 ጎታ ወደሚባለው የጀርመን ከተማ ሄደው አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በኋላ ያወጣው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ከእሳቸው አንደበት ብዙ ቀድቷል። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን ሳያዩ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። ጎታ ሳይደርሱ ቢሞቱ፣ ወይም ‹‹ምን ያደርግላችኋል?›› ብለው ዝም ቢሉ፣ የአውሮፓ ሰው ስለኛ የሚያነበው ምን ያህል ባነሰ ነበር!

* * *

በቀቀን በአማርኛ ስድብም ነው። ሳይገባው የሚደግመውን ተማሪ፣ አለቃው ያለውን የሚያስተጋባውን ሹም ‹‹በቀቀን›› እንለዋለን። የሚገርመው ስለ በቀቀን የጻፉ ሰዎችም በቀቀን ሆነው መገኘታቸው ነው።

ዋልተር ሮትስቺልድ የሚባል ባለጸጋ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ ጠፉ ወፎች አንድ ትልቅ፣ ባለሥዕል መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡ ሞሪሸስ ላይ ይኖር ነበር ያለውን፣ ራሱና ጅራቱ እንደ እሳት የቀላ አንድ በቀቀን መዝግቧል። ምንጭ ያደረገው ‹‹የድሮ ተጓዦችን›› ነው። በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች እነዚያን ተጓዦች አንድ በአንድ ቢያገላብጡ እንዲህ ያለ ወፍ አላገኙም። አጥንትም የለውም። ግን በላቲን ተሰይሟል፤ ስሙም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ ኖሯል። ኖሮ የማያውቅ ወፍ እንዲህ አድርጎ ‹‹ጠፋ›› ተባለ።

እኛም ብንሆን አልዳንም። ፊሳልጎስ የሚባለው የእንስሳት መጽሐፍ በጥንት ዘመን ከግሪክ ወደ ግእዝ ተመልሷል፤ ሊቃውንት ሥራው የአክሱም ዘመን ነው ይላሉ። ስለ አንበሳ፣ ስለ ንስር፣ ስለ ፊንክስ ያስተምራል። ዓላማው ሃይማኖታዊ ምሳሌ ስለሆነ አንወቅሰውም። ግን አስተውሉ፤ ኢንሳይክሎፒዲያ የሚመስል የእንስሳት መጽሐፍ በእጃችን ከገባ ከሺህ ዓመት በላይ ነው። እሳት ውስጥ ሞቶ ስለሚነሣው ፊንክስ አንብበናል። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥድ ላይ ስለሚቀመጠው ወፍ ግን…

እሱን ለማየት ነው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወረቀታችንን ይዘን ልደታ ማርያም ግቢ የገባነው።

* * *

ነገሩን የጀመረው ወዳጃችን ነው። ‹‹ኢትዮጵያ ውስጥስ በቀቀን አለ?›› ብሎ ጠየቀን። ስናገላብጥ እ.ኤ.አ. በ1814 ደረስን። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ መልእክተኛ በ1809 እና በ1810 ወደ ትግራይ፣ ወደ ራስ ወልደ ሥላሴ አገር ተጉዞ ነበር። መጽሐፉን በ1814 ሲያሳትም ከኋላ ስለ ወፎች የተጻፈ ክፍል ጨመረበት። እዚያ ውስጥ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ‹‹ታራንታ›› የሚል ስም ወጣላት። ታራንታ ከምጽዋ ወደ ደጋው ሲወጡ የሚያልፉት፣ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያለ የተራራ መተላለፊያ ነው። ሶልት ከፊል ሥራው ብሩስ ያለውን ማጣራት ነበርና፣ የኛ ወፍ ወደ ሳይንስ የገባችው በምስክርና በተጠራጣሪ ክርክር መካከል ነው ማለት ይቻላል።

ይህች ወፍ ዛሬም አለች። በዓለም ላይ ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ትገኛለች። ቁመቷ አሥራ ስድስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ደጋ ትወዳለች፤ የጥድ ፍሬ፣ የሾላና የዋርካ ፍሬ ትበላለች፤ የምታድረው በዛፍ ሽንቁር ነው። ሌላም አለን። ግንባሩ ቢጫ የሆነው ትልቁ በቀቀን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም።

ጠዋት ነው። ኪዳን አልቆ ሰው እየተበተነ ነበር። አንጋጠን ጥዱን ስናይ ጧፍ የሚሸጡ አንዲት እናት ‹‹ልጆቼ፣ ምን ጠፋባችሁ?›› አሉን።

‹‹እማማ፣ እነዚያ ትንንሽ አረንጓዴ ወፎች ምን ይባላሉ?››

‹‹እኔማ ወፍ ነው የምላቸው›› አሉ ሣቅ ብለው። ‹‹ግን ልብ ብላችኋል? ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት። አንደኛው ግንባሩ ቀይ ነው፤ አንደኛው ምንም የለው።››

እርስ በርስ ተያየን። ከመጽሐፍ ያነበብነው ይኸው ነበር፤ ግንባሩ የሚቀላው የወንዱ ብቻ ነው፤ ሴቷ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ናት። እሳቸው ማንንም ሳይጠይቁ፣ ጧፋቸውን እየሸጡ፣ በዓይናቸው ደርሰውበታል።

‹‹ድሮ ይበዙ ነበር›› ብለው ቀጠሉ። ‹‹እዚያ ማዶ በየግቢው ትልልቅ ዛፍ ነበረ። ሰፈሩ ሲፈርስ ዛፉም ሄደ። እነሱም እንደኔው እዚህ ገቡ።››

የልደታን ነገር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ አሮጌው የልደታ ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ተተከለበት። በ2008 ዓ.ም. መባቻ ባቡሩ በላዩ መሮጥ ጀመረ። ‹‹ለምን ፈረሰ?›› የሚል ክርክር አናነሣም፤ ጭቃ ቤት ውስጥ በክረምት የተቀመጠ ሰው መልሱን ያውቀዋል። እኛን ያንገበገበን ሌላ ነው። የግንቦት ልደታ ለት ጎረቤት ተሰብስቦ ደጅ ላይ ንፍሮ የሚቀቅልበት ዛፍ የቱ ጋ እንደነበረ፣ ምን ዓይነት ዛፍ እንደነበረ፣ ማን በፎቶ አነሣው? ማንስ ጻፈው? ሮድሪጌስ ሁለት ዓመት ብቻ የኖረ አንድ ሽማግሌ ስደተኛ በማኖሩ የደሴቲቱ ወፎች የሚበሉትን ፍሬ እስከ ዛሬ እናውቃለን። ልደታ የስንት ሺህ ሰው መኖሪያ ሆና ያን ያህል አልተጻፈላትም።

የቤተ ክርስቲያን ግቢ ደሴት ነው። ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። በደቡብ ጎንደር ከአየር ላይ የተነሡ ፎቶግራፎችን አይታችሁ ይሆናል። ዙሪያው ገላጣ እርሻ ነው፤ መካከል መካከል ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ በየነጠብጣቡ መካከል አንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን። የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለዓመታት አጥንተዋል፤ ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር ሆነውም ከብት እንዳይገባ በድንጋይ አጥር አስከብረዋል። ልደታም ትንሽ ደሴት ናት፤ ባሕሯ ሲሚንቶ ሆኖ ነው እንጂ። ባሕር ዛፍ አለ አትበሉን። ለአጠና የሚተከል ባሕር ዛፍ ሽንቁር ሳያወጣ ነው የሚቆረጠው።

እንዳትሳሳቱ፤ አረንጓዴዋ ወፍ ልትጠፋ ነው እያልን አይደለም። ከመጥፋት ሥጋት መዝገብ ውስጥ የለችም። ሟርት አንወድም። ግን የሮድሪጌስ በቀቀንም ለጓ ሲያየው ብዙ ነበር፤ ቀቅለው የሚበሉት ያህል። መጻፍ የሚቀለው ያን ጊዜ ነው። ሲያንስ አስቸጋሪ ነው። በነጭ ሳር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የሄዱ አጥኚዎች መንገድ ላይ ሞታ የተጣለች አንዲት የሌሊት ወፍ አገኙ። የምናውቃትን የሌሊት ወፍ ሳይሆን በሌሊት የምትበርረውን ባለላባ ወፍ ማለታችን ነው። ደቅቃ ስለነበር የወሰዱት አንድ ክንፍ ነው። በ1995 ክንፉ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ፤ የላቲን ስሙም ‹‹አንድ ክንፍ ብቻ›› የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሄደው ‹‹አየናት›› ያሉ ሰዎች አሉ፤ በእጅ ያለው ማስረጃ ግን ያ ክንፍ ነው። አገራችን ውስጥ እንዲህም ያለ ወፍ አለ።

* * *

እንግዲህ እንጨርስ። የወዳጃችንን መጣጥፍ አርመን መለስንለት። አይዛክ ኒውተን ወጣ፤ እ.ኤ.አ. ገባ፤ ‹‹ጠፋ›› የሚለው ‹‹ለመጨረሻ ጊዜ የተያዘው›› በሚለው ተተካ፤ ስደተኛ የሚለው ትርጉም ቦታውን አገኘ። አማርኛው መጀመሪያ ከነበረው ትንሽ ሻከረ። እውነቱ ግን ጨመረ። ‹‹ቋንቋውን ብቻ ብያችሁ አልነበር?›› አለን ቀይ እስክሪብቶ የበላውን ወረቀት እያየ።

ከአራቱ ገጾች በስተጀርባ አምስተኛ ገጽ አያይዘንለት ነበር። ገና ያላለቀ ነው። ስለ አረንጓዴዋ ወፍ ነው። ሶልት አለ፣ 1814 አለ፣ ጥድና ሾላው አለ። ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደሚመጡ የነገሩንም እናት ስማቸውን ሳንጠቅስ በራሳችን ማስታወሻ ላይ ከነቀኑ አስፍረናል። የአንድ ሰው ምስክርነት መሆኑን እናውቃለን። ለዚህ ነው ሁለተኛና ሦስተኛ ምስክር የምንፈልገው።

ነገ ጠዋት ከቤት ስትወጡ የሰፈራችሁን ዛፍ ቀና ብላችሁ እዩት። ያያችሁትን ጻፉ። የሰማችሁትን ከሆነ ‹‹ሰማሁ›› በሉ፤ ያያችሁትን ከሆነ ‹‹አየሁ›› በሉ። ቀኑንም ስትጽፉ አደራ፣ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. መለየቱን አትርሱ።

ቸር እንሰንብት።